ምዕራፍ 7፦ ስለታዘዘ ነው መልካም የሆነው?

ኢትዮጵያ ውስጥ እስከ 1956 ዓ.ም. ድረስ መኪና የሚነዳው ግራ ተይዞ ነበር። በዚያ ዓመት ቀኝ ተይዞ እንዲነዳ ታዘዘ። ትእዛዙ ከጸናበት ቀን ጀምሮ ትናንት ትክክል የነበረው ጥፋት፣ ትናንት ጥፋት የነበረው ትክክል ሆነ። በግራው ጎን ላይ የተገኘ ክፋት አልነበረም፤ በቀኙም ላይ የተገኘ ልዩ በጎነት የለም። ልዩነቱን ያመጣው ትእዛዙ ብቻ ነው።

አዳማ የመንገድ ከተማ ናት። ከአዲስ አበባ የሚመጣው የፍጥነት መንገድ፣ ወደ ጅቡቲ የሚወርደው የጭነት መኪና፣ ወደ አሰላ የሚወጣው አውቶቡስና በየሰፈሩ የሚሽሎከሎከው ባጃጅ እዚህ ይገናኛሉ። ሳይጋጩ የሚተላለፉት ሁሉም ቀኙን ስለሚይዝ ነው። በዚሁ መንገድ ላይ ግን ሌላም ሕግ አለ፤ ልጅ ሲሻገር ሾፌሩ ፍሬን መያዝ አለበት። ነገ ጠዋት አዲስ አዋጅ ወጥቶ ልጅ ቢሻገርም መቆም አያስፈልግም ቢል፣ ልጁን ገጭቶ ማለፍ ትክክል ይሆናል? አይሆንም። አዋጁን ያወጣው አካል ተሳሳተ እንላለን እንጂ ሾፌሩ ደግ ሠራ አንልም።

ሁለቱም ሕጎች በአንድ ደንብ ተጽፈው፣ በአንድ ትራፊክ ፖሊስ ይጠበቃሉ። ከውጭ ሲታዩ አይለያዩም። ነገር ግን የመጀመሪያው ልክ የሆነው ስለታዘዘ ነው። ሁለተኛው የታዘዘው ልክ ስለሆነ ነው፤ አዋጁ መሰከረለት እንጂ አልፈጠረውም።

የዚህ ምዕራፍ ጥያቄ ይህን ልዩነት ይዞ ወደ ፈጣሪ ትእዛዝ ይሄዳል። አምላክ መግደልን፣ መስረቅን፣ በሐሰት መመስከርን ሲከለክል፣ ክልከላው ቀኝ ያዝ እንደሚለው ነው ወይስ ለሚሻገረው ልጅ ቁም እንደሚለው? ባለፈው ምዕራፍ ስለ ሕሊና ስንነጋገር አንድ ነገር አቆይተን ነበር፤ ሕሊና በአስተዳደግ የሚቀረጽ ከሆነና ሊሳሳት የሚችል ከሆነ በምን ይታረማል? አብዛኛው ኢትዮጵያዊ በፈጣሪ ቃል ይታረማል ይላል። መልሱ ክብደት ያለው ነውና በጥንቃቄ እንያዘው። ፈጣሪ አለ ወይስ የለም የሚለውን እዚህ አንከራከርም። አለ ብለን እንነሣለን፤ ጥያቄው ለሚያምን ሰው ነው።

አባቱን የከሰሰው ሰው

ጥያቄውን በጽሑፍ ካቆዩልን ሁሉ የታወቀው የግሪኩ ፈላስፋ ፕላቶን ነው። መምህሩ ሶቅራጥስ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ399 ዓመት ለፍርድ ሊቀርብ ሲል በአቴና ፍርድ ቤት ደጃፍ ኤውቲፍሮን ከሚባል ሰው ጋር ይገናኛል። ኤውቲፍሮን የመጣው አባቱን በነፍስ ግድያ ሊከስ ነው። አንድ የቀን ሠራተኛ ሰክሮ የቤቱን ባሪያ ይገድላል። አባትየው ገዳዩን እጅና እግሩን አስሮ ጉድጓድ ውስጥ ይጥልና ምን ይደረግ ብሎ የሃይማኖት አዋቂ ለመጠየቅ መልእክተኛ ይልካል። መልእክተኛው ሳይመለስ የታሰረው ሰው በብርድና በረኃብ ይሞታል።

ዘመዶቹ ሁሉ ልጅ አባቱን አይከስም ብለው ተቆጥተዋል። ኤውቲፍሮን ግን አማልክቱ የሚፈልጉትን አውቃለሁ፤ የምሠራው ቅዱስ ሥራ ነው ይላል። ሶቅራጥስ አባትየው ጥፋተኛ ነው ወይም አይደለም ብሎ አይከራከረውም። የጠየቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ቅዱስ የሆነ ነገር አማልክቱ ስለወደዱት ነው ቅዱስ የሆነው ወይስ ቅዱስ ስለሆነ ነው የወደዱት? ኤውቲፍሮን ዞሮ ዞሮ መልስ ያጣና ጉዳይ አለብኝ ብሎ ይሄዳል።

ጥያቄው ከባድ የሆነው ሁለቱም መልሶች ዋጋ ስለሚያስከፍሉ ነው። የመጀመሪያውን ብንመርጥ፣ ማለትም መልካምነት ከትእዛዝ ብቻ ይመጣል ብንል፣ አምላክ ግፍን ቢያዝ ግፍ መልካም ይሆን ነበር ማለታችን ነው። አምላክ ቸር ነው ብለን ስናመሰግነውም ምስጋናችን ባዶ ይሆናል፤ የወደደውን ይወዳል ከማለት አያልፍምና። ሁለተኛውን ብንመርጥ ደግሞ ከአምላክ ውጭ የቆመ፣ አምላክም የሚገዛለት ሌላ መለኪያ ያለ ይመስላል። ይህ ለአማኝ ጆሮ ይከብዳል።

ሁለት ሥጋ ቤት፣ አንድ ሚዛን

ከአቴና ወደ ስምጥ ሸለቆ እንመለስ። ከአዳማ ጀምሮ በሞጆ፣ በመቂ፣ በባቱ አድርጎ እስከ ሻሸመኔ በሚዘልቀው መንገድ ላይ ባሉት ከተሞች የክርስቲያን ሥጋ ቤትና የሙስሊም ሥጋ ቤት ለየብቻ ነው። የአንዱ እምነት ሰው የሌላውን እርድ አይበላም። ይህን ሁሉም ያውቀዋል፤ የሚቀየምበትም የለም። ኦርቶዶክሱ ረቡዕና ዓርብ ሲጾም ሙስሊሙ ጎረቤቱ ምሳውን ቢበላ ኃጢአት ሠራ አይለውም። ሙስሊሙም በረመዳን ቀን ክርስቲያኑ ቡና ቢጠጣ ወንጀለኛ ነው አይልም። ጴንጤው ሁለቱንም የጾም ሥርዓት ባይከተል ጉርብትናው አይቋረጥም።

ከሁለቱ ሥጋ ሻጮች አንዱ ሚዛኑን አዛብቶ ዘጠኝ መቶ ግራሙን በአንድ ኪሎ ዋጋ ቢሸጥስ? ያን ጊዜ የማን ደንበኛ ነህ፣ የየትኛው እምነት ነህ የሚል የለም። ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ሌባ ነው ይላሉ። ሻጩ ራሱ በእኛ ሃይማኖት ይፈቀዳል ብሎ ሊያመልጥ ቢሞክር የሚሰማው አያገኝም፤ መጀመሪያ የሚያፍሩበት የራሱ እምነት ሰዎች ናቸው።

ስለዚህ በየቀኑ ኑሯችን ሁለት ዓይነት የፈጣሪ ትእዛዝ እንዳለ ተቀብለን እየኖርን ነው። የጾም ቀን፣ የእርድ ሥርዓት፣ የበዓል ቁጥር የሚያስረው የተቀበለውን ሰው ነው። ዋጋቸውን አላቃልልም፤ አማኙ በእነሱ አምላኩን ያስባል፣ ራሱን ይገዛል፣ ከማኅበሩ ጋር ይተሳሰራል። ግን እንደ መንገዱ ቀኝ ናቸው፤ ከሌላው ቀን ይልቅ ረቡዕን የሚያስጾመው ትእዛዙ ነው። አለመስረቅ፣ አለመግደል፣ የተራበን አለመርሳት ደግሞ መታወቂያ ሳይጠይቅ ሁሉንም ሰው ያስራል። ትእዛዙን ሰምቶ የማያውቅ ሰው እንኳ ሲጥሰው በደለ እንላለን።

የሀገራችን የቤተ ክርስቲያን ሊቃውንት ይህን ጠንቅቀው ያስተምራሉ። የሰውን ታሪክ በሦስት ሕግ ይከፍሉታል፤ ሕገ ልቦና፣ ሕገ ኦሪት፣ ሕገ ወንጌል። ሕገ ልቦና የሚባለው ሙሴ በሲና ተራራ ጽላቱን ከመቀበሉ በፊት ሰው በልቡ ባለው ዕውቀት የኖረበት ሕግ ነው። ቃየን ወንድሙን ሲገድል መግደልን የሚከለክል የተጻፈ ቃል አልነበረም፤ ሆኖም ጥፋተኛ ነበር፣ ማጥፋቱንም ያውቅ ነበር። ዮሴፍ የጌታውን ሚስት እንቢ ያለው የሙሴ ሕግ ከመሰጠቱ አስቀድሞ ነው። ሐዋርያው ጳውሎስም ለሮሜ ሰዎች በጻፈው መልእክት ምዕራፍ 2 ላይ፣ ሕግ ያልተሰጣቸው ሕዝቦች የሕጉን ሥራ በልባቸው ተጽፎ እንደሚያሳዩ ይናገራል። ትእዛዝ መልካምነትን የሚፈጥረው ቢሆን ኖሮ ከኦሪት በፊት በዳይም ደግም ሊኖር ባልቻለ ነበር።

የሦስቱ ወንድማማቾች ጥያቄ

ተቃራኒው ወገን ሞኝ አይደለም። እንዲያውም በታሪክ ከተነሡት ጥልቅ አሳቢዎች አንዳንዶቹ መልካምነት በትእዛዝ ይጸናል ብለዋል። ክርክሩ በጣም የተሳለው በእስልምና ሊቃውንት መካከል ነው። ሙዕተዚላ የሚባሉት መልካምና ክፉ በአእምሮ ይታወቃል፣ አላህም ፍትሐዊ ስለሆነ ግፍ አይሠራም ብለው አስተማሩ። ከእነሱ ጋር ያደገውና በኋላ የተለያቸው አቡል ሐሰን አል አሽዐሪ፣ እ.ኤ.አ. በ936 ያረፈው፣ መልካም ማለት አላህ ያዘዘው፣ ክፉ ማለት የከለከለው ነው ብሎ መለሰ። የሰው አእምሮ በፈጣሪ ላይ ዳኛ ሆኖ ሊቀመጥ አይችልም።

አል አሽዐሪ ከመምህሩ ከአል ጁባኢ ጋር ስለመለያየቱ የሚተረክ አንድ ታሪክ አለ። ሦስት ወንድማማቾች ነበሩ። አንዱ ጻድቅ፣ አንዱ ከሐዲ፣ አንዱ በሕፃንነቱ የሞተ። ጻድቁ በጀነት ከፍ ያለ ቦታ ያገኛል። ሕፃኑ፣ እኔንስ ዕድሜ ሰጥተኸኝ መልካም ሠርቼ እዚያ ብደርስ ምን ነበረበት ብሎ ቢጠይቅ? መምህሩ፣ ብታድግ ኖሮ እንደምታምፅ ስለማውቅ የሚበጅህን አደረግሁልህ ይለዋል ሲል መለሰ። ተማሪው ቀጠለ፤ ከሐዲው ከሲኦል ሆኖ፣ እኔም እንደማምፅ ታውቅ ነበር፤ ለምን በሕፃንነቴ አልወሰድከኝም ቢልስ? መምህሩ ዝም አለ ይባላል።

ይህ ታሪክ የሕፃን ቀብር ላይ የቆመን ሁሉ ይነካል። ለቅሶ ቤት ተቀምጠን ፈጣሪ በዚህና በዚያ ምክንያት ይህን አደረገ ብለን ስናስረዳ ንግግራችን ጎደሎ መሆኑን እናውቀዋለን። አል አሽዐሪ ያስተማረን እውነት ይህ ይመስለኛል፤ የፈጣሪን ሥራ ሁሉ በእኛ ሚዛን መዝነን አንጨርሰውም። አብርሃም ልጁን ይዞ ወደ ተራራው የወጣበት ታሪክም በክርስቲያኑም በሙስሊሙም ዘንድ በዚሁ መንፈስ ይነገራል።

ነገር ግን የፈጣሪን ሥራ ሁሉ አናውቅም ማለት አንድ ነገር ነው፤ መልካምና ክፉ ያለ ትእዛዝ ትርጉም የላቸውም ማለት ሌላ ነው። ከመጀመሪያው ሁለተኛው አይከተልም። ያው አብርሃም ራሱ ሰዶም ልትጠፋ ስትል በአምላኩ ፊት ቆሞ ጻድቁን ከኃጥእ ጋር ማጥፋት ለምድር ሁሉ ፈራጅ እንደማይገባ አንሥቶ ተከራክሯል። አምላኩም አልተቆጣውም። ፍትሕ ማለት የታዘዘው ብቻ ቢሆን ይህ ክርክር ሊጀመር እንኳ ባልቻለ ነበር። በእስልምናም በአል አሽዐሪ ዘመን የኖረው አል ማቱሪዲ አእምሮ ቢያንስ ዋና ዋናዎቹን መልካምና ክፉ ነገሮች ማወቅ ይችላል ብሎ መካከለኛ መንገድ ይዟል። በአውሮፓ ዊልያም ኦክሃም በ14ኛው ክፍለ ዘመን ትእዛዙን ከሁሉ በላይ አድርጎ፣ አምላክ ቢያዝ ስርቆት እንኳ ምስጉን ሥራ ሊሆን ይችላል እስከማለት ደረሰ። ከእሱ በፊት የነበረው ቶማስ አኳይናስ ግን መልካምነት የአምላክ ባሕርይ ነው፤ ከላዩ የቆመ ሌላ ሕግም አይደለም፣ እንደ አዋጅ የሚለዋወጥ ፈቃድም አይደለም ብሎ ነበር።

የአኳይናስ መልስ ለአማኙ ትልቅ ነገር ያተርፍለታል። አምላክ ከማንም በታች አይሆንም፤ ግፍን ሊያዝም አይችልም፤ ከራሱ ጋር አይጣላምና። ሆኖም ልብ እንበል፤ ይህን የተቀበለ ሰው ትእዛዝ ብቻውን መልካምነትን ይፈጥራል የሚለውን ትቶታል።

ላም የበላችው መጽሐፍ

መልካምነት ከትእዛዝ ብቻ እንደማይመጣ ከማንም በላይ በጥራት የሚያሳየን ግን ከግሪክም ከአውሮፓም የመጣ አይደለም። በየዓመቱ ከመስቀል በኋላ ባለው እሑድ በቢሾፍቱ ሆራ አርሰዲ ሐይቅ ዳር ኢሬቻ ሲከበር ሰው እርጥብ ሣርና አበባ ይዞ ይወርዳል፤ ክረምቱን ያሻገረውን ዋቃን ያመሰግናል። ዋቃ አንድ ፈጣሪ ነው። በዋቄፈና፣ ማለትም በነባሩ የኦሮሞ እምነት፣ ያለ ዋቃ የሚሆን ነገር የለም። ግን ይህ እምነት የዋቃ ቃል ተብሎ የሚነበብ መጽሐፍ የለውም። ስለዚህም የሚተረክ ተረት አለ፤ ዋቃ ለኦሮሞ መጽሐፍ ሰጥቶ ነበር፣ ላም በላችው ይባላል። የታረደ ከብት ሞራ የሚነበበውም በዚህ ምክንያት ነው ይላሉ።

መጽሐፍ ከሌለ መልካሙ በምን ይታወቃል? ሽማግሌዎቹ የዋቃን ሕግና የሰውን ሕግ ይለያሉ። የዋቃ ሕግ በፍጥረት ውስጥ የተቀመጠው ሥርዓት ነው፤ ዝናብና በጋ፣ ዘርና ፍሬ፣ ወላጅና ልጅ። ሰው አያወጣውም፣ አይሽረውም። የሰው ሕግ በኦዳ ዛፍ ጥላ ሥር በጉባኤ ይመከርበታል። በገዳ ሥርዓት ሥልጣን በየስምንት ዓመቱ ሲተላለፍ ሕጉ ይታያል፣ የጎደለው ይሞላል፣ ያረጀው ይሻራል። የቱለማ ኦሮሞ ጉባኤ ይደረግበት የነበረው ኦዳ ናቤ ዱከም አጠገብ ነው፤ በመተሐራና በፈንታሌ ዙሪያ የሚኖሩት ከረዩዎች ገዳን እስከ ዛሬ ይዘው ቆይተዋል። ዩኔስኮ የገዳን ሥርዓት በሰው ልጅ የማይዳሰስ ቅርስነት የመዘገበው እ.ኤ.አ. በ2016 ነው።

በሁለቱ ሕጎች መካከል የቆመው ሰፉ ነው። ሰፉ ማለት እያንዳንዱ ፍጥረት ከሌላው ጋር ያለው ተገቢ ግንኙነት፣ አክብሮትና ወሰን ነው። ልጅ ለአባቱ፣ አማች ለአማቱ፣ ሰው ለእንስሳ፣ ለዛፍና ለምንጭ ሰፉ አለበት። ሰፉን የጣሰ ሰው የተከለከለ ዝርዝር አላነበበም ተብሎ አይወቀስም፤ ሊያየው የሚገባውን ሥርዓት አላየም ይባላል።

ይህ በተግባር ምን እንደሚለውጥ ለማየት ወደ አብያታ ሐይቅ መሄድ ይበቃል። አብያታ በስምጥ ሸለቆው ወለል ላይ ያለ ጨዋማ ሐይቅ ነው። ለመስኖ በላይኛው ተፋሰስ፣ ለሶዳ አሽ ፋብሪካም ከሐይቁ በሚወሰደው ውሃ ምክንያት በአሥርት ዓመታት ውስጥ እጅግ ሸሽቷል፤ ዓሣው ጠፍቷል፣ ዓሣ ይመገቡ የነበሩ ወፎችም ሄደዋል። አብያታን አታድርቅ የሚል ጥቅስ በየትኛውም ቅዱስ መጽሐፍ የለም። መልካምና ክፉ ከትእዛዝ ብቻ የሚወጣ ቢሆን እዚህ ላይ ዝም ማለት ነበረብን። ሰፉን የሚያውቅ ሰው ግን ትእዛዝ ፍለጋ አይሄድም። ውሃውና ወፉ ከእሱ ጋር በአንድ ሥርዓት ውስጥ እንደተቀመጡ ያውቃል፤ ነውር ነው ይላል።

የዚህ ምዕራፍ ዋና ሐሳብ እዚህ ላይ ነው። ግብረ ገብ፣ ማለትም የመልካምና የክፉ ሥራ ነገር፣ በፈጣሪ ላይ የሚደገፈው በሁለት የተለያዩ መንገዶች ሊሆን ይችላል። አንደኛው ፈጣሪን እንደ አዛዥ ያያል፤ ቃል ካልወጣ መልካምም ክፉም የለም። ሁለተኛው ፈጣሪን እንደ ሥርዓት ሠሪ ያያል፤ ሰውን የሚራብ፣ የሚታመም፣ የሚያፈቅር፣ ቃል የሚሰጥ አድርጎ ሠርቶታል፣ እንዲህ ለተሠራ ፍጥረት ደግሞ የሚበጅና የሚጎዳ ነገር አለ። በሁለተኛው መንገድ ሁሉ ነገር ከፈጣሪ ነው፤ ትእዛዙ ግን አስታዋሽና አብሪ ነው። በመንገዱ ምሳሌ ብንሄድ ልጁንም፣ መኪናውን የሚነዳውንም ሰው የፈጠረ እሱ ነው፤ ፍሬን ያዝ ማለት የሚያስፈልገው ልጁን ላላየ ሾፌር ነው። እኔ ሁለተኛውን እቀበላለሁ።

የእናቶች በትር

አንድ ሰው፣ ሁላችንም መልካሙን ማወቅ የምንችል ከሆነ የተለያየ እምነት ያለን ሰዎች ለምን በተግባር አንስማማም ሊል ይችላል። በብዙ ነገር እንስማማለን፤ ስምምነታችን ስለተለመደ አናየውም። በአርሲ ኦሮሞ ዘንድ ያለችውን ሲንቄ እንይ። ሲንቄ ሴት ልጅ ስትዳር እናቷ የምትሰጣት ቀጭን በትር ናት። ያገባች ሴት ትይዛታለች፤ ለመምቻ አይደለችም። ባል ሚስቱን፣ በተለይ አራስ ሆና ሳለ ቢበድላት፣ የሰፈሩ ሴቶች ሲንቄያቸውን ይዘው ይወጣሉ። ተሰብስበው ይጮኻሉ፣ ቤታቸውን ጥለው ይቀመጣሉ፤ በዳዩ ሽማግሌ ልኮ፣ ጥፋቱን አምኖ፣ ካሣ እስኪከፍል አይመለሱም። ሁለት ወገን ሊጋደል ሲሰለፍ ሴቶቹ ሲንቄ ይዘው መካከል ከገቡ ወንዶቹ ማለፍ የለባቸውም።

የአርሲ ሕዝብ ዛሬ በብዛት ሙስሊም ነው፤ ኦርቶዶክስም ፕሮቴስታንትም አለበት። ሲንቄ በቁርኣንም በመጽሐፍ ቅዱስም አልተጻፈችም። ግን በትሯ ፊት የሚቆመው ወንድ የሚቆመው አራስ ሴትን መምታት ነውር መሆኑን ስለሚያውቅ ነው፤ የየትኛው መጽሐፍ አንቀጽ እንደሆነ ቆሞ አይጠይቅም። ከሦስቱም እምነት የሆኑ ሴቶች በአንድ ጩኸት አንድ በደል ሲቃወሙ፣ በመካከላቸው ያለው የጋራ ነገር ትእዛዝ አይደለም። የበደሉ ዕውቀት ነው። ሲንቄን እንደ ባህል ጌጥ ብቻ በበዓል መድረክ ላይ ስናሳያት ይህን የግብረ ገብ ትምህርት መዘንጋታችን ያሳዝነኛል።

ከዋሻ የመጣ ክርክር

በግእዝ ከተጻፉት መካከል የዚህን ምዕራፍ ጥያቄ ፊት ለፊት የሚያነሣው የዘርዓ ያዕቆብ ሐተታ ነው። መጽሐፉ ስለራሱ በሚናገረው መሠረት ደራሲው በ16ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ አክሱም አካባቢ ተወልዶ፣ በአፄ ሱስንዮስ ዘመን የካቶሊክና የኦርቶዶክስ ጠብ ሲነሣ ሸሽቶ፣ ተከዜ አጠገብ ባለ ዋሻ ሁለት ዓመት ተቀምጦ ያሰበውን ነው የጻፈው። የእጅ ጽሑፉን በ19ኛው ክፍለ ዘመን ያገኘሁት ብሎ ወደ አውሮፓ የላከው ጁስቶ ዳ ኡርቢኖ የሚባል ጣሊያናዊ ሚስዮናዊ ነው። ጣሊያናዊው ምሁር ኮንቲ ሮሲኒ እ.ኤ.አ. በ1920 ደራሲው ራሱ ሚስዮናዊው ነው ብሎ ጻፈ፤ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ያስተማረው ክሎድ ሰምነር ኢትዮጵያዊ ድርሰት ነው ሲል ተሟገተ። ክርክሩ እስከ ዛሬ አልበረደም።

ማንም ይጻፈው፣ አሳቡ ለእኛ ይጠቅማል። ዋሻ ውስጥ ያለው ሰው አማኝ ነው፤ ዳዊት ይደግማል፣ ይጸልያል። የሚያስጨንቀው ካቶሊኩም፣ ኦርቶዶክሱም፣ ሙስሊሙም፣ አይሁዱም እግዚአብሔር እንዲህ አዘዘ ማለታቸው ነው። ሁሉም አይስማሙም፤ ማን ይፍረድ? መልሱ ፈጣሪ በሰው ልብ ባኖረው የአእምሮ ብርሃን ፍረድ የሚል ነው። የፍጥረትን ሥርዓት የሚያፈርስ ትእዛዝ የፈጣሪ ሊሆን አይችልም፤ ሰው በፈጣሪ ስም የጨመረው ነው። ሰውን እንደ እንስሳ መሸጥን የሚነቅፈው በዚህ ሚዛን ነው፤ ሰዎች ሁሉ በፈጣሪ ፊት እኩል ናቸውና።

«ተገልጦልኛል» ሲባል

የባሪያ ንግድ ጉዳይ የዚህን ሁሉ ክርክር ዋጋ ያሳያል። ለዘመናት የሀገራችን ክርስቲያኖችም ሙስሊሞችም ባሪያ ይይዙ ነበር፤ ሁለቱም ወገን የተጻፈ ድጋፍ ነበረው። በ13ኛው ክፍለ ዘመን በግብጽ በዐረብኛ ተዘጋጅቶ ወደ ግእዝ የተተረጎመው ፍትሐ ነገሥት በአንድ በኩል ሰዎች ሁሉ በተፈጥሮ ሕግ ነጻ መሆናቸውን ይናገራል፤ በሌላ በኩል ጦርነትና ድል ተሸናፊውን ለአሸናፊው አገልጋይ እንደሚያደርግ ይደነግጋል። በአንድ ገጽ ላይ ሁለቱም አሉ። ባርነትን በሕግ የሻረው አዋጅ የወጣው በ1934 ዓ.ም. ነው። በመካከሉ ከሰማይ የወረደ አዲስ ትእዛዝ አልነበረም። የነበረው ቃል ያው ነው፤ የተለወጠው ከሁለቱ የትኛው እንደሚመዝን ያለው የሰው ማስተዋል ነው። ትእዛዝ ብቻውን ዳኛ ቢሆን ኖሮ በምን መርጠን ነጻነትን እንይዝ ነበር?

ዛሬም በስምጥ ሸለቆው ከተሞች እግዚአብሔር ነገረኝ የሚል ሰው አይጠፋም። አንዱ ለታመመው መድኃኒቱን አቁም ይላል፣ አንዱ ልጅህን ለእገሌ ዳር ይላል፣ አንዱ ያለህን ገንዘብ አምጣ ይላል። አስተዋይ ሰው ያን ጊዜ ምን ያደርጋል? ነገሩን ይመዝናል። በሽተኛን መድኃኒት የሚያስጥል ቃል ከቸር ፈጣሪ አይመጣም ብሎ ይመለሳል። ይህን ሲያደርግ እምነቱን አላቃለለም፤ እንዲያውም ስለ ፈጣሪው ያለውን ክብር ጠበቀ። መመዘን የቻለው ግን ትእዛዙን ከመስማቱ በፊት መልካም ምን እንደሆነ የሚያውቀው ነገር ስለነበረው ነው። ትእዛዝ ሁሉ መልካም ነው የሚል ሰው ሐሰተኛውን ነቢይ ከእውነተኛው የሚለይበት መሣሪያ የለውም።

አንድ ተቃውሞ ቀርቷል። ፈጣሪን የማይፈራ ሰው ማንም ሳያየው መልካም ይሠራል? ይባላል። ጥያቄው እውነተኛ ነው፤ ብዙ ሰው ብቻውን ሲሆን ከስርቆት የሚታቀበው ፈጣሪ ያየኛል ብሎ ነው። ሆኖም ይህ ስለ ጉልበት የሚጠይቅ እንጂ ስለ ምንጭ የሚጠይቅ አይደለም። ትራፊክ ፖሊስ ቆሞ ሲያይ ሾፌር ይጠነቀቃል፤ ልጁ መገጨት የማይገባው ግን ፖሊሱ ስለቆመ አይደለም። ፈጣሪን መፍራት መልካም እንድንሠራ ያግዘናል፤ መልካሙን መልካም ያደረገው ግን ፍርሃታችን አይደለም።

ስለዚህ የዚህ ምዕራፍ ፍርድ ይህ ነው። አማኝ ሆኖ መልካምነት ከፈጣሪ ነው ማለት ትክክል ነው፤ መልካምነት ከትእዛዝ ብቻ ነው ማለት ግን ስሕተት ነው፣ አደገኛም ነው። አንባቢዬ፣ ወደሚቀጥለው ምዕራፍ ከማለፍዎ በፊት ከሌላ እምነት ከሆነ ጎረቤትዎ ጋር ቡና ላይ ይቀመጡና አንድ ጥያቄ ተጠያየቁ፤ በፈጣሪ ስም ቢመጣ እንኳ የማትቀበሉት ትእዛዝ የትኛው ነው? ሁለታችሁም የምትጠሩትን ትእዛዝ፣ ለምን እንደማትቀበሉትም የሰጣችሁትን ምክንያት በወረቀት ጻፉት። ምዕራፍ 8 የሚነሣው ከዚያ ምክንያት ነው።